ሦስት ዕቃ በኩሽና፦ የቤት ቆሻሻን መለየት፣ መሸጥና አፈር ማድረግ

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓሮ የለኝም። ያለችኝ አንድ ወንበር የምታስገባ በረንዳ ናት። ይህን ቀድሜ የምናገረው «ለእሷ ምን አለባት፣ ግቢ አላት» እንዳትሉኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በየሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ይወጣ ነበር ከቤቴ። አሁን የሚወጣው አንዲት ፌስታል አይሞላም። ብዙ ገንዘብ አላወጣሁም፣ ብዙ ሰዓትም አይፈጅብኝም። ያደረግሁት እርጥቡንና ደረቁን ማለያየት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ በራሱ መጣ።

(ማዳበሪያ ስል ጆንያውን ማለቴ ነው። አፈር የሚያዳብረውን «ብስባሽ» እያልኩ እሄዳለሁ፣ እንዳንደናገር።)

በቅድሚያ ለአንድ ሳምንት ታዘቡ

ምንም ሳትገዙ፣ ምንም ሳትለውጡ፣ ለአንድ ሳምንት ቆሻሻችሁን እዩት። ማታ ፌስታሉን ከመቋጠራችሁ በፊት ውስጡን ቃኘት አድርጉና ወረቀት ላይ ጻፉ። የእኔ ዝርዝር ይህን ይመስል ነበር፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ የወተት ላስቲክ፣ ሀይላንድ፣ ካርቶን፣ ፌስታል፣ አሁንም ፌስታል።

ክብደቱ ያለው እርጥቡ ላይ መሆኑን ትታዘባላችሁ። ቦታ የሚፈጀው ደግሞ ደረቁ ነው። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። ያ ሁሉ ልጣጭና ቅጠል በጋሪ ተገፍቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ነዳጅ ተቃጥሎበት ይሄዳል።

የሚሄድበትንም እናውቃለን። ረጲ ያለው ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲሸከም ኖሯል። የሚበሰብስ ነገር አየር አጥቶ ሲታፈን ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል፤ ውስጥ ለውስጥም ይግላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ እዚያው ሥር የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በነሐሴ 2010 ደግሞ እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ነገር ግን እርጥብ ነገር እሺ ብሎ እንደማይነድ፣ ዝናብ የመታው ከሰል ለማቀጣጠል የታገለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሽንኩርት ልጣጫችን ለመቀበርም ለመቃጠልም አይመችም ማለት ነው። ለአፈር ግን ይመቻል።

ሦስቱን ዕቃ አዘጋጁ

አንደኛው ክዳን ያለው ባልዲ ነው። የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ ይሆናል። ይህ ለእርጥቡ ነው፤ ቦታው እናንተ ሽንኩርት የምትከትፉበት አጠገብ ይሁን። ራቅ ካለ ማንም አይደርስበትም። ቤታችሁ የምታግዛችሁ ልጅ ካለች ደግሞ ከእሷ ጋር ተቀምጣችሁ አብራችሁ ወስኑ። ኩሽናውን የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ባልዲውን በራሴ ፈቃድ ከበሩ ጀርባ ባስቀመጥኩ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ባዶውን ከርሟል።

ሁለተኛው ማዳበሪያ ወይም ትልቅ ካርቶን ነው፤ ለደረቁ። በረንዳ ላይ ወይም አልጋ ሥር ቢሆን ችግር የለውም። ንጹህ ደረቅ ነገር አይሸትም። ከሸተተ እርጥብ ነገር ገብቶበታል ማለት ነውና ፈልጋችሁ አውጡት።

ሦስተኛው ትንሽ ጣሳ ነው፤ ለአደገኛው። የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ መርፌ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት እዚያ ይገባል። ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥ።

ከሦስቱ የማይገባ ነገርም አለ። የሕፃን ዳይፐር፣ ሞዴስ፣ ሽንት ቤት የተጠቀምንበት ሶፍት፣ ቅባት የጠጣ ላስቲክ። ይሄ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በፌስታል ተቋጥሮ ይሰጣል። ይህን ከነጭራሹ አጠፋለሁ ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ደረቁ፦ ቆራሌው የሚፈልገው ምንድን ነው?

ሌላ አገር መንግሥት መኪና መድቦ የሚሠራውን ሥራ እኛ ጋ ቆራሌው በትከሻው ይዞት ኖሯል። ስሙ ራሱ «ቆርቆሮ ያለው!» ከሚለው ጥሪ እያጠረ የመጣ ነው። ጠዋት በየሰፈሩ እየጮኸ ያልፋል፤ የሰበሰበውን ለጅምላ ገዢ ያስረክባል፤ ብዙው ወደ መርካቶ ይሄዳል። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ የአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ምድጃና መጥበሻ ሲሆን፣ የጣሳ ክዳን ማሾ ሲሆን አይታችኋል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። ሥርዓቱ አለ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ዕቃውን ሽሮ አለመቀባት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀይላንድ፦ ውሃውን አፍሱት፣ ለስላሳ ከነበረበት አንዴ አለቅልቁት፣ ገልብጣችሁ አድርቁት። ክዳኑን ለብቻ አጠራቅሙ፤ ክዳኑና ጠርሙሱ የተሠሩበት ፕላስቲክ የተለያየ ነው፣ ሲቀልጡም አይዋሃዱም። ከመጨፍለቃችሁ በፊት ግን ቆራሌውን ጠይቁት። በኪሎ የሚገዛው ተጨፍልቆ ቢሆን ደስ ይለዋል። ለማር፣ ለዘይት ወይም ለአረቄ መሙያ የሚያስረክበው ደግሞ ቅርጹ ያልተበላሸውን ነው የሚፈልገው።

ፕላስቲኩን ለመለየት ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 1 የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። 2 ጠንከር ያለው ነው፤ የዘይት ጀሪካን፣ የሻምፖና የበረኪና ዕቃ። 5 የእርጎ ኩባያና ክዳን ያለው የምግብ ሣህን ላይ ይገኛል። እነዚህ ገዢ የማግኘት ዕድላቸው ጥሩ ነው። 3 እና 6 አስቸጋሪ ናቸው፤ 6 የሚባለው ያ ነጭ፣ ሲነኩት የሚፈረፈረው ፎም ነው። እሱን የሚፈልገው ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ብረት፣ አሉሚኒየም፣ መዳብ፦ ከሁሉም የተሻለ ዋጋ የሚያወጡ እነዚህ ናቸው። የተበሳ ድስት፣ የተቃጠለ ምጣድ ሽቦ፣ የተሰበረ የጃንጥላ ዘንግ ሳይቀር። የመዳብ ሽቦ ካላችሁ ከሌላው ብረት ጋር ደባልቃችሁ አትመዝኑ፤ ዋጋቸው ለየቅል ነው። ፕላስቲኩን ለማውለቅ ብላችሁም ሽቦ አታቃጥሉ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ወረቀትና ካርቶን፦ ካርቶኑን አፍርሳችሁ ዘርጉ፣ ወረቀቱን በገመድ እሰሩ። የልጆች ደብተር ትምህርት ሲዘጋ ወዲያው አይሸጥ። ያልተጻፈበትን ቅጠል ቅደዱና በመርፌና ክር ስፉት፤ ለክረምት መለማመጃ ይበቃል። የተጻፈበትን ቆሎና ሱፍ የሚሸጡ ሴቶች ለመጠቅለያ ይወስዱታል። ስትሸጡ ግን ገጽ በገጽ ግለጡ። እኔ አንዴ የባንክ ደብተሬን ከአሮጌ መጽሔት ጋር ሸጬ፣ በሳምንቱ ያው ሰውዬ «እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ነው መሰለኝ» ብሎ በሩን አንኳኳ። ሁሉም እንደሱ አይሆንም።

ጠርሙስ፦ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ መያዣ ስለሚከፈልበት መልሱት፣ አለቀ። የወይንና የውስኪውን ቤት ውስጥ ለቅመማ ቅመምና ለዘይት መጠቀም ነው። የተሰበረ ጠርሙስን በተመለከተ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጨርቅ፦ ለልዋጭ። አሮጌ ሱሪና ሹራብ ይዘው ሄደው ሣህንና ባልዲ የሚሰጡት ሰዎች ድሮም ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። የታጠበ ልብስ የተሻለ ዕቃ ያመጣል። ያለቀለትን ቲሸርት ግን ለልዋጭ አትስጡ፤ በአራት ቅደዱት። የወለል መወልወያ፣ የምጣድ ማሰሻ፣ የጫማ መጥረጊያ ይሆናል። በየሳምንቱ የምትገዙት ስፖንጅና ሶፍት በግማሽ ይቀንሳል።

ስለ ዋጋ አንድ ምክር ልስጥ። የኪሎ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቆራሌዎችን ጠይቁና ለሚመቻችሁ ደንበኛ ሁኑ። አንድ ደንበኛ ካላችሁ ስልክ ትሰጡታላችሁ፣ ሲሞላ ትደውሉለታላችሁ። ሀብታም አትሆኑበትም። እኔ ከአንድ ማዳበሪያ የማገኘው ብር ለቤቱ ጨውና ሳሙና ቢሆን ነው። ክርክሩንም ለከት አብጁለት፤ ፀሐይ ላይ ሦስት ፎቅ የወጣው እሱ ነው።

የሚበሰብሰው፦ በማዳበሪያ ውስጥ ብስባሽ መሥራት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የተሳሳትኩት እዚህ ስለሆነ።

መጀመሪያ ስሞክር ልጣጩን ሁሉ ባልዲ ውስጥ አጨቅሁት፣ ሥሩን በሳሁት፣ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቡናማ ውሃ እየተንጠባጠበ ወረደ። ከሥር ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እማማ ነጠላቸውን አስጥተው ነበር። ለገና የተዘጋጀ ነጭ ነጠላ። «ልጄ፣ ቆሻሻሽን ለራስሽ ያዢው እንጂ ለኔ ነጠላ ምን ይሠራለታል?» አሉኝ። አጠብኩላቸው። ጠረኑ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልለቀቀም።

የጎደለው ደረቅ ነገር ነበር። ብስባሽ የሚሠሩት ትንንሽ ነፍሳት እንደ እኛው አየርና ምግብ ይፈልጋሉ። እርጥብ ልጣጭ ብቻውን ሲሆን ተጣብቆ አየር ይዘጋል፤ አየር ሲጠፋ መሽተት ይመጣል። ስለዚህ ሕጉ፦ በስፍር አንድ እጅ እርጥብ ካለ፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ ይሁን።

ደረቁን ከየት ታመጣላችሁ? አናጺ ቤት ሰጋቱራ አለ፤ ብዙ ጊዜ ነጻ ነው፣ ማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ። የጣውላ ሰጋቱራ መሆኑን ግን ጠይቁ። የቺፕውድና የኤምዲኤፍ ከሆነ ሙጫ አለበትና ተዉት። ለቡናና ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጤማ ሲደርቅ ግሩም ነው። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተቀዳዶ ይገባል። ጭድ ካገኛችሁ ደስ ይላል። ጫት የሚቃምበት ቤት ከሆነ ገረባው አለ፤ ቅጠሉ ቶሎ ይበሰብሳል፣ እንጨቱን ሰባበር አድርጉት። የባሕር ዛፍ ቅጠልን ግን አታብዙ፤ ሌላ ተክል እንዳያድግ የሚከለክል ነገር አለው።

አሁን ወደ ሥራው።

ሁለት የተሸመኑ ማዳበሪያዎች ውሰዱ፣ ውስጣቸው ላስቲክ የሌላቸውን። ሽመናው በራሱ አየር ያስገባል፤ መብሳት አያስፈልግም። በሁለት ጡብ ላይ አቁሙት፤ ከሥሩ ሰፊ ትሪ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን አስቀምጡ። (ለእማማ ነጠላ።) ታችኛው ክፍል ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍና ሻካራ ደረቅ ነገር አንጥፉ። በላዩ ሁለት እፍኝ ከየትም የመጣ አፈር በትኑ፤ የአበባ ማሰሮ አፈር ይበቃል። ሥራውን የሚጀምሩት ነፍሳት ያሉት እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ በየሁለት ቀኑ የኩሽናውን ባልዲ ገልብጡ። ከመገልበጣችሁ በፊት ትላልቁን ከትፉት፤ የጎመን ግንድ እንዳለ ከገባ እስከ ሰኔ እንዳለ ታገኙታላችሁ። አንድ ንብርብር እርጥብ፣ ወፈር ያለ ንብርብር ደረቅ። ሁልጊዜ ላይኛው ደረቅ ይሁን። ዝንብ የሚመጣው ልጣጭ ተገልጦ ሲያይ ነው።

የሚገባው፦ የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የደረቀ አበባ፣ የዶሮ ላባ፣ ጥቂት አመድ። የማይገባው፦ ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅቤና ዘይት የነካው ወጥ፣ ወተት፣ የድመትና የውሻ ዓይነ ምድር። እንጀራ ይገባል አይገባም ለሚሉ፣ ይገባል፤ ነገር ግን በትንሹ ተቆራርጦ መሐል ላይ ይቀበር። ላይ ከተተወ አይጥ ይጠራል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ጥቂት ቢሆን አይጎዳም፤ የጭማቂ ቤት ያህል ካላችሁ ግን ይዘገያል።

እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ። እፍኝ ዘግናችሁ ጭመቁት። ተጨምቆ እንደወጣ ስፖንጅ ከሆነ፣ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካወጣ፣ ልክ ነው። ውሃ ከወረደው ሰጋቱራ ጨምሩ። እጃችሁ ላይ ከተበተነ ውሃ ርጩበት። በሳምንት አንዴ በዱላ ወይም በአካፋ እጀታ አገላብጡት። በትልቅ ክምር ውስጥ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ በማዳበሪያ ግን ያን ያህል አይግልም፣ ለብ ካለ ይበቃል። ስለማይግልም የዱባና የቲማቲም ፍሬ አይሞትም። በረንዳዬ ላይ ያልዘራሁት ቲማቲም በቅሎ አፍርቷል።

የመጀመሪያው ማዳበሪያ ሲሞላ አፉን አስራችሁ ተዉትና በሁለተኛው ቀጥሉ። በበጋ ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል። በክረምት እስከ አምስት ወር ሊሄድ ይችላል፤ ይበርዳል፣ ዝናብም ከገባበት ይጨቀያል። ክረምቱን ላስቲክ ከላይ አልብሱት፣ ጎኑን ግን አትሸፍኑ።

መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? ይጠቁራል፣ የገባውን ልጣጭ መለየት ያቅታችኋል፣ ጠረኑም የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ዓይነት ይሆናል። የአሞኒያ ወይም የሽንት ዓይነት ጠረን ካለው እርጥቡ በዝቷል፤ ደረቅ ጨምሩና አገላብጡ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል፤ ዘርግታችሁ አናፍሱት። ምንም ሳይሸት፣ ምንም ሳይለወጥ ከቆመ ደርቋል።

ብስባሹን ብቻውን አትትከሉበት። አንድ እጅ ብስባሽ ከሦስት እጅ አፈር ጋር ይደባለቅ። የዘይት ጀሪካን አግድም ቀዳችሁ ሥሩን ብሱት፤ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል ይይዛል። የግማሽ ሊትር ወተት ላስቲክ ታጥቦ ሥሩ ከተበሳ ችግኝ ማፍያ ነው። የፀረ ተባይ ወይም የኬሚካል ጀሪካን ግን ለተክልም፣ ለውሃም፣ ለጠላም በፍጹም አይሁን። ስንት ጊዜ ቢታጠብ ያው ነው።

መትከል ለማትፈልጉ፣ ብስባሹን የሚወስድ አይጠፋም። በየመንገዱ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆችን ጠይቁ።

ወደ ቤት የሚገባውን መቀነስ

ትልቁ ቁጠባ ያለው እንጀራው ላይ ነው፤ ጤፉ በዚህ ዋጋ ሻግቶ ሲጣል ያንገበግባል። እንጀራ ቶሎ የሚሻግተው ትኩሱን ስንደራርበውና በፌስታል ስንጠቀልለው ነው። እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ያላበዋል። አንድ በአንድ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ተሸፍኖ ሞሰብ ውስጥ ይግባ። የሚተርፍ መሆኑን በሁለተኛው ቀን ካያችሁ ሳይሻግት ቁረጡትና ሰፌድ ላይ ፀሐይ አስጡት። ሲሰበር ቀጭ ካለ ድርቆሽ ሆኗል፤ ለወራት ይቀመጣል። የሻገተውን ክፍል ብቻ ቆርጦ ቀሪውን ማስጣት ግን አይሆንም። ሻጋታው ዓይናችን የማያየው ቦታም ደርሷል።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉም እየጠበበ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ ፌስታሎችን ማምረትና ማስገባት ላይ ገደብ አድርጎ ነበር። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። እናቶቻችን በዘንቢል ነበር ገበያ የሚሄዱት፤ ዘንቢሉም ዛሬም ይሸጣል። ችግሩ መርሳት ነው። የእኔ መላ፦ አንድ ተጣጣፊ የጨርቅ ከረጢት ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንድ ደግሞ በበሩ እጀታ ላይ። ለሥጋ ክዳን ያለው ሣህን ይዤ እሄዳለሁ። ሥጋ ቤቱ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ አሁን ሣህኑን ሲያይ ኪሎዬን ያውቃል።

ሌላው ቀላል ነው። ሳሙናና ዘይት በትልቁ ግዙና ወደ ትንሹ ገልብጡ። ውሃ ቤት ውስጥ አፍሉ ወይም አጣሩ፣ መንገድ ስትወጡ በራሳችሁ ኮዳ ያዙ።

በዓል ሲመጣ

ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የሚታረደው በግ ቆዳ ድሮ «ቆዳ አለ?» ብሎ የሚዞር አያጣም ነበር። በቅርብ ዓመታት ዋጋው ወድቆ ቆዳው በየገንዳው ዳር ተጥሎ ይሸታል። ገዢ እስኪገኝ ለማቆየት ጨው ያስፈልጋል። ከተገፈፈ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሥጋና ሞራውን ጥረጉ፣ ጥላ ላይ ጸጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ለአንድ የበግ ቆዳ አንድ ኪሎ ገደማ ጨው በደንብ አዳርሱ። አንዴ ቢላ ከበሳው ዋጋ የለውምና ለአራጁ ቀድማችሁ ንገሩት። ፈርሱ ግቢ ላለው ሰው ለብስባሽ ወርቅ ነው። በረንዳ ላይ ግን አትሞክሩት፤ ነጠላ ማጠብ ይመጣል።

የጣሳዋ ጉዳይ

የባትሪ ድንጋይ ውስጥ አፈርና ውሃ የሚበክሉ ብረቶች አሉ፤ እሳት ውስጥ ከገባም ሊፈነዳ ይችላል። አድርቃችሁ አጠራቅሙ። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑት፤ ካበጠ ከቤት አርቁትና ለሞባይል ጠጋኝ ስጡት። ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል ውስጡ ሜርኩሪ አለበትና እንዳይሰበር በመጣበት ካርቶን ይቀመጥ። መድኃኒት ሽንት ቤት አይደፋ፤ በአቅራቢያችሁ ያለ ፋርማሲ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቀበለ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከቡና አተላ ጋር ለውሱት፣ አሽጋችሁ ከቀሪው ቆሻሻ ጋር ስጡት። እንዲያ ሲሆን ማንም አንስቶ አይውጠውም።

የተጠበሰበት ዘይት ሲንክ ውስጥ አይፍሰስ። ቧንቧ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ የብሎኩ ሰው ሁሉ ለቧንቧ ሠራተኛ ያዋጣል። ሲቀዘቅዝ ሰጋቱራ አጠጡትና በፌስታል ቋጥሩት።

ፕላስቲክ ማቃጠል የለም። ለእሳት ማቀጣጠያ እንኳ። ለከሰል ማያያዣ ፌስታል የሚለኩሱ ሰዎች አሉ፤ ያ ጭስ የሚገባው እዚያው ምድጃው ጎን ጎንበስ ያለችው ሴትዮ ሳንባ ውስጥ ነው።

ሰብሳቢዎቹ የሚመጡበት ቀን

የተሰበረ ጠርሙስና ብርጭቆን በጋዜጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅልሉ፣ ካርቶን ውስጥ ክተቱ፣ በላዩ በትልቁ «ጠርሙስ» ብላችሁ ጻፉ። ምላጭና መርፌ ክዳኑ የተጠበቀ ሀይላንድ ውስጥ ይግባ። የሰብሳቢዎቹን እጅ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ከሆነ ጓንት የሌለው ብዙ ነው፤ ጓንት ያለውም ስስ ነው። ሌሊት ውሻ እንዳይበትነው ደግሞ ፌስታሉን በመጡበት ሰዓት አውጡ እንጂ ማታ በር ላይ አታሳድሩት።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜ ዝናቡ ያቆመበት ጥቅምት ነው፤ ፀሐዩ ደረቅ ነገር እንደ ልብ ያስገኛል። ሰጋቱራውን ግን ቀድማችሁ ፈልጉ። ሰጋቱራ ሳይኖራችሁ የመጀመሪያውን ልጣጭ ማዳበሪያው ውስጥ አትጨምሩ።